ለእህቴ የጻፍኩላት ስምንት ሰዓት

ሥራ አጥ አለመሆኔን የነገሩኝ በሰው ፊት ነው። የስልጠናው ሁለተኛ ቀን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ማራገቢያ ተሰቅሎ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። አሰልጣኙ «ከመካከላችሁ ያለፈውን ዓመት ሥራ አጥ ሆኖ ያሳለፈ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ እጄን አወጣሁ። አወጣሁ ስል እንደ ሌሎቹ በግማሽ ልብ አይደለም፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነው። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ሰው ነኝ። በሌላ ነገር ባልመካም በዚህ ጉዳይ ከእኔ የሚበልጥ ሰው አዳራሹ ውስጥ ያለ አልመሰለኝም።

አሰልጣኙ እንደቆምኩ አቆየኝና ይጠይቀኝ ጀመር። ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልገሃል ወይ አለኝ። አልፈለግኩም አልኩት። እውነቱን ለመናገር መፈለግ ያቆምኩት ከዓመት በፊት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ጋዜጣ የሚሸጡት ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ዛሬም የለም» ማለት ሲጀምሩ አፍሬ ቀረሁ። እንግዲያው፣ አለ አሰልጣኙ፣ ሥራ የማይፈልግ ሰው በጥብቁ ትርጉም ሥራ አጥ አይባልም፤ ከሥራ ኃይሉ ውጪ ነው የሚመደበው፣ ከተማሪው፣ ከጡረተኛውና ከአልጋ ቁራኛው ጋር። ሰው ሥራ ሲያጣ አይቻለሁ፣ ሥራ አጥነቱን ሲነጠቅ ግን ያየሁት በራሴ ነው።

በዚህ ቢተወኝ ጥሩ ነበር። አልተወኝም። ቤተሰብህ ንግድ አለው ወይ አለኝ። እህቴ ሱቅ አላት፣ ቀትር ላይ ስትተኛ እቀመጥላታለሁ አልኩት። ስንት ሰዓት? ከሰባት እስከ አስር። በየቀኑ? በየቀኑ። ይከፈልሃል? ምሳ እበላለሁ አልኩ፣ ሰዉም ሳቀ፤ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳን ለቤተሰቡ ንግድ ያለ ክፍያ የሠራ ሰው በዚህ ጥናት ሥራ እንዳለው እንደሚቆጠር አስረዳና፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ነበርክ፤ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። በልቤ ግን ተናድጃለሁ። እናት አባት የሌለው ሰው ቢያንስ ችግሩ የራሱ ይሁንለት እንጂ።

የምንሰለጥነው ለሥራ ኃይል ጥናት ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ማን ይሠራል፣ ማን ሥራ አጥቷል፣ ማንስ ሥራ ኖሮት ሰዓቱ አልበቃ ብሎት ተጨማሪ ይፈልጋል እያልን በታብሌት እንሞላለን። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ሰው በስልጠናው መጽሐፍ የራሱ ስም አለው፤ እኔ ግን ለራሴ እንዲገባኝ «ግማሽ ሥራ ያለው» እለዋለሁ። ኮንትራቱ ሁለት ወር ነው። ከሁሉም በላይ የማረከኝ ግን መጨረሻ ላይ የተነገረን ነገር ነበር፤ ከምድባችን ሥራው ንጹህ የሆነ አንድ ሰው በተቆጣጣሪው ምስክርነት በቋሚነት ይቀጠራል። ቋሚ! ያቺን ቃል ቤት ድረስ ይዤ ሄድኩ። ለእህቴ የነገርኳት ግን ትንሽ አሳጥሬ ነው። «ቋሚ ሊሆን ይችላል» ማለት ሲገባኝ «ቋሚ ነው የሚሆነው» አልኳት።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። እሱ ሲሞት እኔ ገና ደብተር የምሸከም ነበርኩ፤ እሷ አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጣ ከደቻቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከቤታችን ፊት ያለችውን ክፍል ሱቅ አደረገቻት። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚያች ሱቅ ነው፤ ተመርቄ የተመለስኩትም እዚያችው ሱቅ ነው። ያም ሆኖ ቤታችን ወረቀት በመጣ ቁጥር፣ የቀበሌም ይሁን የመብራት፣ «የቤቱ ወንድ እያለ» ብላ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔም ምን እንደሚል ሳላነብ በትልቁ እፈርማለሁ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ቀትሯን ያውቃታል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ታክሲው ጥላ ይፈልጋል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሸርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። አስር ሰዓት ላይ ለከተማው እንደገና ይነጋለታል። የእህቴ ሱቅ ግን ቀትር ላይም አይዘጋም ነበር፤ እኔ አለኋ። እሷ ጓዳ ገብታ ስትተኛ እኔ ከመደርደሪያው ኋላ በስልኬ እየተጫወትኩ እቀመጣለሁ። ሥራ ብዬው አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «እየጠበቅኩ ነው» ነበር የምለው።

የጥናቱን ባጅ አንገቴ ላይ ሳንጠለጥል ያ ሁሉ ቀረ። ባጁን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም አልፈታሁትም ነበር፤ ቅዳሴ ላይ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ የመዋጮ ሰብሳቢ ነህ?» ብለውኝ ነው ከዚያ በኋላ ኪሴ የከተትኩት።

እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ ለሥራው ብልሃት አወጣሁለት። ሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች ጠዋት ጠዋት እየዞሩ ቤት ተዘግቶ ሲያገኙ ይመለሳሉ። እኔ ሰው ሁሉ መቼ ቤቱ እንደሚገኝ ስለማውቅ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እሄዳለሁ። አንድ በር ሳላጣ፣ አንድ ቀጠሮ ሳልይዝ፣ በቀን የሌላውን እጥፍ ቤት እጨርሳለሁ። በራሴ ብልህነት ልቤ አብጦ ነበር።

መጋላ ሰፈር አንድ ቤት ገባሁ። አምስት ሰው ተጋድሟል፣ ማራገቢያው ይንጫጫል፣ ጫት መሀል ላይ ተዘርግቷል። ባለፉት ሰባት ቀናት ሥራ ሠርተሃል ብዬ የመጀመሪያውን ጠየቅኩ። ሳይነሳ ጣሪያውን እያየ «ምን ሥራ አለ ብለህ ነው፣ አቦ» አለኝ። የለም ብዬ ሞላሁ። ሁለተኛው ባጃጅ እንዳለው ነገረኝ፤ ግን ባጃጇ ሥራ እስኪገኝ ነው አለ። የለም። የቤቱ ልጅ የት ነው ስላቸው እናትየው «እሱማ ይዞራል» አሉ። የለም። አንዲት ሴት ደግሞ ከበሩ ጥግ ትልቅ ሳህን ሙሉ ሽንኩርት ትከትፋለች። እሷን ስጠይቃት «እኔ ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ» አለችኝ። ሽንኩርቱ እያስለቀሰኝ፣ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ፣ የለም ብዬ ሞላሁ።

እንዲህ ሆኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያን ሁሉ ሰፈር ሥራ አጥ አደረግኩት። ቅር አላለኝም። እንዲያውም አገር የሚያናውጥ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ማታ ማታ ራሴን በቴሌቪዥን ማብራሪያ ስሰጥ አያለሁ።

በዚሁ መሀል ነው የራሳችን ቤት የወጣው። ቤቶቹ የሚመረጡት ከላይ በዕጣ ነው፤ ለእኔ በተሰጠኝ ዝርዝር ውስጥ የእህቴ ቤት አለ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የዘመድህ ቤት ከደረሰህ ለተቆጣጣሪው ታሳውቃለህ፣ ሌላ ሰው ይሄዳል። እኔ ግን አሰብኩ። ሌላ ሰው ከሄደ ያቺ አዳራሽ ውስጥ የሳቀች ልጅ ልትሆን ትችላለች። እህቴ ፊት ተቀምጣ ወንድምሽ ምን ይሠራል ትላታለች። ይህን ማሰብ አልቻልኩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ገብቼ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ቤታችንን ራሴ ሞላሁት።

እንደ ምኞቴ ነው የሞላሁት። የቤተሰቡ ኃላፊ፦ እኔ። ሥራ፦ በቋሚነት የተቀጠረ። ከዚህ በፊት፦ የግል አማካሪ። እህቴን በቤተሰብ አባልነት አስገባኋትና የራሷ ሱቅ እንዳላት ጻፍኩ። ባለፉት ሰባት ቀናት በቀን ስንት ሰዓት ሠራች ሲለኝ ትንሽ አሰብኩ፤ ክብር የሚመስለኝን ቁጥር፣ የቢሮውን፣ ስምንት ሰዓት አልኩ። ተጨማሪ ሰዓት ወይም ሌላ ሥራ ትፈልጋለች? አትፈልግም። በቤታችን ሁሉም ሰው ጠግቦ ደስ ብሎት ተቀመጠ። የሰው ሁሉ ቤት ባዶ ያደረገ እጄ የራሴን ቤት ሲሞላ ምን ያህል ለጋስ እንደሆነ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ስሜንም ከነአባቴ ጽፌ ነው የላክሁት። ሰው ሲዋሽ ስሙን ይቀይራል፤ እኔ ግን የሐሰት ስም መጻፍ ወንጀል መስሎ ታየኝ።

ተቆጣጣሪያችን ከደጋ የመጣ ጎልማሳ ነበር። ድሬዳዋን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ላቡን ሲጠርግ ይውላል። ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሉንም እርስዎ ይላል፣ በየሱቁ ደግሞ ሁሉም አንተ ሲለው ጥቂት ይደነግጣል። አንድ ጠዋት አስጠራኝና ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረ። በእኔ በኩል የሚሠራ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከድልድዩ ማዶ ከሌላው መረጃ ሰብሳቢ በኩል ግን ሰው ሁሉ ይሠራል። እኔ ማብራሪያዬን ጀመርኩ፤ ስለ ወጣቱ፣ ስለ ኢኮኖሚው። እስክጨርስ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እነዚህ ሰዎች ታዲያ ምን በልተው ነው የሚያድሩት?»

በስንት ሰዓት እንደምሄድ ጠየቀኝና ነገርኩት። ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሁሉንም ቤት ጠዋትና ማታ እንደገና እንድዞር አዘዘኝ። ሥራዬ ከዚህ በኋላ ንጹህ ከሆነ፣ ቋሚነቱ አሁንም እንዳለ ነው አለኝ።

እንደገና ዞርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጋላ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሌላ ከተማ ነው። ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያገኘሁት ሰውዬ ከጭነት መኪና ላይ ከረጢት ያወርዳል። ባለባጃጁ ሦስተኛ ጉዞውን ይዟል። «ይዞራል» የተባለው ልጅ እውነትም ይዞራል፤ በጋሪ ሙዝ ይዞ። ሽንኩርት ስትከትፍ አግኝቼ ሥራ አጥ ያደረግኳት ሴት ደግሞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በትልቅ ድስት ዘይት አፍልታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ዙሪያዋን ሰው ከቧታል። አየችኝና «መጣህ? ስንት ልስጥህ?» አለች። ሥራ የለኝም ብለሽኝ ነበር አልኳት። ጭልፋዋን እንደያዘች ተገርማ አየችኝ። «ይሄ ሥራ ነው እንዴ? ሥራማ ወንበርና ፊርማ ያለው ነው። ይሄ ልጆቼን የማሳድግበት ነው» አለችኝ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነበር የማስበው፤ ልዩነታችን እሷ ልጆች እያሳደገች መሆኑ ነው። ሦስት ሳምቡሳ በላሁና ፎርሟን አስተካከልኩ።

አንድ ሶማሊኛ ተናጋሪ የመኪና ደላላ፣ ፂማቸውን በሂና የቀቡ ሽማግሌ፣ ልጆቻቸውን በፊት «ሥራ ፈት» ብዬ እንደሞላኋቸው ሲሰሙ ትከሻዬን ያዙኝ። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቀትር ላይ መጥተህ ብትጠይቀኝ እኔም ሥራ ፈት ነኝ፣ አንተም ሥራ ፈት ነህ፣ ፀሐይዋም ሥራ ፈት ናት። ሰው የሚጠየቀው በእግሩ ቆሞ እያለ ነው፣ ወላሂ።» አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ሱቅ ያላቸውን ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ስንት ሰዓት ትሠራለህ ስል በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ከጣታቸው ያልፋል። አንድም ስምንት ያለኝ የለም። ነገሩ ጥቂት ከነከነኝ። ግን ያቺን የራሴን ቤት ከላክኋት ቆይቻለሁ፣ የሚያያት የለም ብዬ ተውኩት።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ተቆጣጣሪው ከእያንዳንዳችን ሥራ ጥቂት ቤት እየመረጠ ራሱ ሄዶ እንደገና ይጠይቅ ጀመር። የእኔ ተራ በደረሰ ቀን «ከድልድዩ ወዲህ ያለ አንድ ቤት አለ፣ ይምሩኝ» አለኝ። ቁጥሩን ሲያነብልኝ የእኛ ቤት ነው። ሌላ ሰፈር ልወስደው አሰብኩ። ካርታው ታብሌቱ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ሱቁ ይዘጋ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ በዚህ ሰዓት ማን ሱቅ ይከፍታል። ተከፍቶ ነበር። እህቴ ከመደርደሪያው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ ነበር። ስታየኝ ቀና አለችና ፈገግ አለች፣ ቀጥሎ ከእኔ ጋር አለቃ መምጣቱን አይታ ነጠላዋን አስተካከለች።

ተቆጣጣሪው ተቀመጠ። እኔን ከበሩ በኩል እንድቆም፣ ጣልቃ እንዳልገባ አዘዘኝ። እህቴ ውሃ ሰጠችው። «አንተ፣ ጠጣ፣ ሙቀቱ አልለመደብህም» አለችው። ፎጣውን አነሳና ጠጣ።

የቤቱ ኃላፊ ማነው አላት። ራሴን አቀረቀርኩ። እሷ ግን ምንም ሳታመነታ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሱ ነዋ።» ተቆጣጣሪው ታብሌቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞላ። የመጀመሪያው ውሸቴ እንዲህ አድርጎ እውነት ሆኖ አለፈ። ይህ ግን አላስደሰተኝም፤ ሊያልፍ የሚገባው እንዳልነበር ያወቅኩት እሷ እንዲያ ስትል ነው።

ምን ይሠራል አላት። «የመንግሥት ሥራ ይዟል» አለች፣ ድምጿ ከፍ አለ። «ቋሚ?» ሲላት «ቋሚ ነው የሚሆነው ብሎኛል» አለች። ከዚህ በፊትስ ምን ይሠራ ነበር? የግል አማካሪ የሚለው ታብሌቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ሱቅ ነበር የሚሠራው፣ ከእኔ ጋር። ሦስት ዓመት። እሱ ሥራ የለኝም እያለ ይናደዳል እንጂ እሱ ባይኖር ይህ ሱቅ አይቆምም ነበር።» ከሰባት እስከ አስር፣ በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ ብላ ቆጠረችለት። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም አለች። እውነት ነው፣ የምሄድበት አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ እሷ መጣ። አንቺ በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ አላት። እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር፤ ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ተኩል እዘጋለሁ።» ቀትር ላይስ ስንት ሰዓት ታርፊያለሽ?

«በፊት እሱ ሲቀመጥልኝ እተኛ ነበር። አሁን ሥራ ይዟል። ማን ይቀመጥልኛል?»

ይህን ስትል እንደ ወቀሳ አይደለም፤ እንደ ጉራ ነው። ወንድሜ ሥራ ያዘ ለማለት ነው። ተቆጣጣሪው ከመቼ ጀምሮ ብሎ ጠየቃት። ሁለት ወር ሊሆነው ነው አለች። ለምን እንደ ሌላው ሰው አትዘጊውም አላት። «ደንበኛ ለምዷል። ቀትር ላይ ክፍት የሆነ ሱቅ የእኛ ብቻ ነው፤ አንዴ ከዘጋሁ ወደ ሌላ ይሄዳል።»

መጨረሻ ላይ ያችን ጥያቄ ጠየቃት፣ እኔም ለዚያ ሁሉ ሰው ስጠይቃት የከረምኩትን። ቢገኝ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት ትፈልጊያለሽ?

እህቴ ሳቀች። በሁለት ወር ውስጥ ስትስቅ አላየኋትም ነበር፤ ዓይኗ ሥር የጠቆረውንም ያየሁት ያኔ ነው። «አንተ ልጅ» አለችው በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው፣ «ተጨማሪ ሰዓት ካለህ ለመኝታ አምጣልኝ።»

ወጣን። ደቻቱ ድልድይ ጋ ደረስን። ወንዙ ደረቅ ነው፣ አሸዋው ያንጸባርቃል። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆምንና ታብሌቱን ከፍቶ የእኔን ሙሌት አሳየኝ፤ ስሜን ከነአባቴ፣ ቋሚውን፣ አማካሪውን፣ ስምንት ሰዓቱን። ውል አፍራሽ ብሎ ሊያባርረኝ ይችል ነበር። የኮንትራቱን ሳምንት እንድጨርስ፣ ለቋሚው ግን ሌላ ሰው እንደሚጽፍ ነገረኝ።

«ስለ ራስህ የጻፍከው ይገባኛል» አለኝ። «እኔም በአንተ ዕድሜ እጽፈው ይሆናል። ግን ይህን ያህል ሰው ስንት ሰዓት ሠራህ፣ ስንት ሰዓት ሠራሽ እያልክ ስትዞር፣ እሷን ለምን አልጠየቅካትም?»

ቀትር ላይ ነበር የምዞረው አልኩት። እህቴ ያለ እንቅልፍ በምትቀመጥበት ሰዓት የሌላውን ሰው ዕረፍት እየቆጠርኩ ነበር የምዞረው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ እሱም የገባው ይመስለኛል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እኔ እዚያው ቆምኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፣ አብዛኛውንም እየቀለድኩ አሳልፌዋለሁ። ለዚያኛው ግን ቀልድ አላገኘሁለትም፣ እስካሁንም አላገኘሁለትም።

ማታ እህቴ ሱቁን ስትዘጋ አጠገቧ ነበርኩ። ከቀትር ጀምሮ ልትጠይቀኝ ስታመነታ ቆይታ «አላበላሸሁብህም አይደል?» አለችኝ። «ሰውዬው ዝም ሲል ጊዜ ያልሆነ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።»

አላበላሸሽም አልኳት። የተናገርሽው ሁሉ ልክ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። የጻፍኩትንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ቋሚው እንደቀረም ነገርኳት። አማካሪ የሚለው ላይ ስደርስ «ማንን ነው የምታማክረው?» ብላ ራሷ ፈገግ አለች። ስምንት ሰዓት የሚለውን ስነግራት ግን ፈገግታዋ ጠፋ። የቁልፉን ቀለበት በጣቷ አዞረች።

«ስምንት ሰዓት» አለች። «ደህና ሰው አድርገኸኛል።»

ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ልትቆጣኝ ይገባ ነበር፣ ብትቆጣኝም ይቀለኝ ነበር። መብራቱን አጠፋች፣ በሩን አብረን ገፋነው፣ ቁልፉን አስገባች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ የማታውቀውን ነገር፣ ሥራ የበዛበት ባለሥልጣን እንደምትለምን ሰው ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣልኛለህ? የሚያስቸግርህ ካልሆነ።»

እመጣለሁ አልኳት፤ ኮንትራቱ ቅዳሜ ያልቃል። ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በርጩማውን ለቀቀችልኝ፣ ጓዳ ገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። አስር ሰዓት ሲሆን አልቀሰቀስኳትም፤ አሥራ አንድም ሆነ፣ አልቀሰቀስኳትም።